የእንቁላሎቹ አባት

ዓሣ አልወድም። ሽታው ብቻ አይደለም፤ ሞቶ እንኳ ዓይኑን አለመክደኑ ያናድደኛል። ያን ማለዳ ወንዝ ዳር ወርጄ ሟቹን ከነመረቡ ሳየው፣ ቁርሴን ሳልበላ በመውጣቴ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ሰውየው መረቡ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። ሸርጣኖችና ትናንሽ ዓሦች ጆሮውንና ከንፈሩን ጀምረውለታል። አንዱ ባልደረባዬ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ሲያስመልስ ሰማሁት፤ አልፈረድኩበትም።

"ማን እንደሆነ ታወቀ?" አልኩ አፍንጫዬን በመሃረብ ይዤ።

"የጤና ቢሮው ተቆጣጣሪ ነው፣ ኢንስፔክተር" አለኝ ረዳቴ። "ቄራ ውስጥ የታመመ ጉበትና ሳንባ ሲያገኝ ሰው እንዳይበላው ሰማያዊ ቀለም ደፍቶ የሚያስቀብረው እሱ ነበር። ዓሣ ገበያውንም ይቆጣጠራል።"

ጎንበስ አልኩ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ጣቶቹ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ ሥራው ነውና አልገረመኝም። ካፖርቱን ስገልጠው ግን አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የጭቃ አይደለም፣ የዓሣም አይደለም። የኮመጠጠ ወተት ነው። ውሃ ውስጥ ያደረ ሰው ወተት ወተት ሲሸት በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም። ከኮሌታው ሥር ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ድቡልቡል ነገሮች ተለጥፈዋል። በጥፍሬ ብጭራቸው አልላቀቅ አሉኝ።

"ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?"

"የዓሣ እንቁላል ነው ልጄ" አለ ከኋላዬ የቆመ ሰው።

ዞር ስል እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ረጅም ሽማግሌ ነው። የወንዙ ሰዎች ጋሽ መቅዘፊያ ይሉታል። መረቡ የሱ ነው፤ ሬሳውን አግኝቶ ፖሊስ እንዲጠራ ሰው የላከውም እሱ ነው። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እንቁላሉን አየ፣ ካፖርቱን አሸተተ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ብጠይቀው ባስጠይቀው አፉን አልከፍት አለ።

ጣቢያ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሟቹ ሰሞኑን የጋሽ መቅዘፊያን መረብ ወንዝ ዳር ከምሮ በእሳት አቃጥሎበታል። ዘሩ እየጠፋ ስለሆነ ማጥመዱ የተከለከለውን የወንዝ አምባዛ ታጠምዳለህ፣ ሥጋውንም ቆሮሶ ነው እያልክ ትሸጣለህ ብሎት ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ገበያ መሃል ቆሞ "ወንዙ ይብላህ!" ብሎ ጮኾበታል። የሰማው ሰው ብዛት ለጉድ ነው፤ ሽማግሌውን ወዲያው አሰሩት።

"ይኸው ወንዙ በላው" አለኝ አለቃዬ ኮማንደሩ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ። "ሬሳው አዲስ በሠራው የገዛ መረቡ ተገኘ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ወተቱ አልገባኝም።"

"የምን ወተት?"

"ሰውየው ወተት ይሸታል።"

"አንቺ ደግሞ ነገር መሰንጠቅ ትወጃለሽ። አርብ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። እስከዚያ ያሻሽን አሽትቺ።"

ከቢሮው ስወጣ የጋሽ መቅዘፊያ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ እጆቿ በውሃ ብዛት የተሰነጣጠቁ ሴት ናት። አጠገቧ ባሏ ቆሟል። እሱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከከተማው በላይ የዓሣ ማርቢያ ኩሬዎች አሉት፤ መኪናው ላይ "ንጹሕ ዓሣ ከንጹሕ ውሃ" ብሎ አስጽፏል፤ ነጭ ጋውን ሳይለብስ አይታይም። ሰው አቶ ንጹሕ ይለዋል። ለሆስፒታሉም፣ ለትምህርት ቤቶቹም፣ ለእኛ ለጣቢያው ክበብም ቆሮሶ የሚያቀርበው እሱ ነው።

"እህቴ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ" አለችኝ። "አባቴ አፉ ክፉ ነው እንጂ እጁ ክፉ አይደለም። ሰው አይገድልም። ልቡም ታማሚ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ አያድርም።"

"ልጅ የለኝም" አልኳት። "አባትሽ ይናገር፤ ያኔ እኔም እረዳዋለሁ።"

አቶ ንጹሕ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ለአማቴ ነው፣ በየቀኑ እኔ ራሴ አመጣለታለሁ" አለ። ድምፁ የተለሳለሰ ነው። ሟቹ የሞተበትን ማታ የት እንደነበር ስጠይቀው ሳያመነታ መለሰ።

"ቤቴ ነበርኩ። እሷን አሟት ነበር፤ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩም።"

"እውነቱን ነው" አለች ሚስቱ።

የአስከሬን ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ እጁን እየታጠበ አነጋገረኝ። ያ ክፍል ውስጥ ሳንድዊች መብላት የሚችል ሰው ነው፤ ስለዚህ ፊቱ ጨፍገግ ሲል ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅሁ።

"ምቱ አልገደለውም" አለ። "ራሱን አስቶታል እንጂ። የሞተው ውሃ ውስጥ ነው። ሲጣል በሕይወት ነበር።"

"ወተቱስ?"

"አፍንጫውና ጉሮሮው ውስጥ አለ። ሳንባው ውስጥም አግኝቻለሁ።"

"ጠጥቶ ነዋ።"

"ሆዱ ውስጥ ጠብታ የለም። አልጠጣውም፤ ተንፍሶት ነው። ፊቱ ላይ ሲፈስ በአፍንጫው ስቦታል።" ፎጣውን ወረወረው። "እኔም የሰማሽውን ያህል ነው የገባኝ።"

ወተት ካልን ወተት የሚሸጥ መፈለግ ነው። ሟቹ ተከራይቶ ይኖር የነበረው ወተት ሻጭ ሴት ግቢ ውስጥ ነው። ረዳቴ ይህን ሲሰማ እንደ ሎተሪ ዕድለኛ ፈነደቀ። ሴትየዋ ፈት ናት፣ ሟቹ ወንደላጤ፤ ሰፈሩም ታሪኩን ቀድሞ ጨርሶ ጠበቀን።

ግቢዋ ገብተን ገና ስንጠይቃት ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

"እሱ? ወተት? አንድ ቀን በብርጭቆ ብሰጠው ሆዴን ያጉረመርመኛል ብሎ መለሰልኝ። ሰፈሩ የሚያወራውን አውቃለሁ። የሚያወሩት ሥራ ስለሌላቸው ነው።"

"የሞተ ዕለት አይተሽዋል?"

"ማምሻውን መጥቶ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ሆንክ ስለው፣ 'ሽማግሌውን በድየዋለሁ፤ ሄጄ ላጣራ' አለኝ። ይህን ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ጥሩ ሰው ነበር። ድርቅ ያለ፣ ሳቅ የማያውቅ፣ ግን ጥሩ ሰው።"

በድየዋለሁ ያለው ሽማግሌ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። እንዴት እንደበደለው ነው ያልገባኝ።

የእንቁላሎቹን ነገር የሰጠሁት ለአንዲት የዓሣ ተመራማሪ ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ እሷ ዶክተር ሆነች፣ እኔ ሬሳ አሽታች። ላቦራቶሪዋ ውስጥ ማቀዝቀዣው በትናንሽ ከረጢቶች ተሞልቷል፤ ክንፍ፣ ሥጋ፣ አንጀት። አንዱን ከፍታ ልታሳየኝ ስትል እጇን ያዝኳት።

"በወሬ ይበቃኛል" አልኳት። "እነዚህ እንቁላሎች የምን ዓሣ ናቸው?"

"በዓይን አይለዩም። ቆዳና ጭንቅላቱ የወጣለት ሥጋም እንደዚሁ ነው፤ ማንኛውንም ነጭ ሥጋ ቆሮሶ ነው ብለው ቢሸጡልሽ ትበያለሽ።"

"እኔ አልበላም።"

"አውቃለሁ፣ አንቺ ከሕፃንነትሽ ነው መራጭ።" ሳቀች። "ሱቅ ስትገቢ ብስኩቱ ላይ ያሉትን መስመሮች መሣሪያው አንብቦ ምን እንደሆነ ይነግርሽ የለ? የዲ ኤን ኤ ባርኮድ የምንለውም እንደዚያ ነው። ከእንቁላል በይው ከሥጋ ዲ ኤን ኤውን አውጥተን አንዲት አጭር ቁራጭ እናነባለን። ያቺ ቁራጭ በየዓሣው ዓይነት ትለያያለች። የታወቁት ዓሦች ቁራጭ ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ ከዚያ ጋር አስተያይተን ስሙን እንናገራለን።"

"ታዲያ ማን ወጣ?"

"የወንዝ አምባዛ። የሐይቁ አምባዛ ዘመድ ነው፣ ግን ሌላ ነው፤ ጀርባው ላይ ሁለተኛ የስብ ክንፍ አለው።" ሳቋ ጠፋ። "ሟቹም ሰሞኑን ከገበያ የገዛውን ሥጋ አምጥቶልኝ ነበር። ቆሮሶ ተብሎ የተሸጠ። ባርኮዱ ያው የወንዝ አምባዛ አለ። ያን ዓሣ ማጥመድ የሚያውቅበት አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ወጥቶ ነው መረቡን ያቃጠለው።"

"እንቁላሉስ ካፖርቱ ላይ ምን ይሠራል?"

"አምባዛ ያገኘው ነገር ላይ ይለጥፋል። ሣር ይሁን ጨርቅ አይመርጥም።"

እንግዲህ ሰውየው ወንዝ ውስጥ ሞተ፣ የወንዝ ዓሣ እንቁላል ጣለበት፣ በወንዝ ሰው መረብ ተያዘ። ኮማንደሩ ይህን ቢሰማ ቡራኬ ይሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ወተቱ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ።

ጋሽ መቅዘፊያን አስጠራሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የተቀመጠው። አርብ ከደረሰና መዝገቡ ከሄደ፣ ይህ ሰው የፍርዱን ቀን በሕይወት እንደማያይ ማንም ያውቃል።

"አባባ፣ የወንዝ አምባዛ አጥምደዋል?" አልኩት።

"አንድ ቀን። ሳላስበው መረቤ ገባች።"

"ሥጋዋን ሸጡ?"

"እኔ ሥጋ ሸጬ አላውቅም።"

"ታዲያ ምን አደረጓት?"

አቀርቅሮ ወለሉን ያይ ጀመር።

"ሟቹ በድየዋለሁ ብሎ ነበር። ምን ነግረውት ነው?"

ሽማግሌው ዓይኑን ከወለሉ አነሣ። "ልጄ፣ አንድ ቃል ተናገርኩና ሰው ሞተ። ሁለተኛውን ከእኔ አትጠብቂ።" ቆየት ብሎ ጠየቀኝ፤ "ልጄ ዛሬ መጥታ ነበር?"

"መጥታለች። ታለቅሳለች።"

"አታልቅስ በይልኝ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ኮማንደሩን ፍለጋ ክበብ ገባሁ። ዘይቱ ወለሉ ላይ ሳይቀር ያጣብቃል። ጣቢያው በሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ከቦ ጣቱን ይልሳል። ኮማንደሩ አገጩ በዘይት ረጥቦ፣ ከጉንጩ አጥንት የምትመስል ነገር በሁለት ጣቱ እየጎተተ ተቀበለኝ።

"ነይ ብይ። የአቶ ንጹሕ ቆሮሶ ነው። ለሰውነት እንዲህ ያለ የለም።"

ሥጋውን አየሁት። ነጭ ነው፣ ቆዳና ጭንቅላት የለውም። ዶክተሯ ያለችው ትዝ አለኝ። ከሰሃኑ አንድ ጉርሻ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ኮማንደሩ ጉድ ሊያይ ዓይኑን አፈጠጠ።

"አልበላም የምትይው ተደብቀሽ ልትበዪ ነው?"

"አዎ፣ አፍሬ ነው" አልኩና ወጣሁ። ኪሴ እስኪታጠብ ድረስ ያን ልብስ መልበስ አስጠልቶኝ ነበር።

ዶክተሯ ውጤቱን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ጥያቄ ነበር። የአቶ ንጹሕ ቆሮሶ ቆሮሶ አይደለም። የወንዝ አምባዛ ነው፤ ከእንቁላሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ባርኮድ።

"አይሆንም" አለች። "ሰውየው በሳምንት ስንት ጭነት ነው የሚሸጠው? ወንዙ ውስጥ ያን ያህል የወንዝ አምባዛ የለም። ኩሬ ውስጥ ደግሞ ለብቻው አይረባለትም፤ ማርቢያ ያላቸው ሰዎች የሚያረቡት የሐይቁን ነው።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትሳቂብኝ። እናቱ የወንዝ ናት እንበል። አባቱስ?"

ዶክተሯ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

"ያቺ የምናነባት ቁራጭ የምትወረሰው ከእናት ብቻ ነው" አለች ቀስ ብላ። "አባትን አታውቅም። አባቱ ማንም ቢሆን ምርመራው የሚናገረው የእናቱን ስም ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ።"

ለአባትየው ሌላ ምርመራ አለ፤ ጊዜ ይወስዳል። ሐሙስ ከሰዓት ደወለችልኝ። የክበቡ ዓሣም፣ የካፖርቱ እንቁላልም አባታቸው የሐይቅ አምባዛ ነው። የሐይቁ ዓሣ በመሃል ያለውን ፏፏቴ ወጥቶ ወንዙ አይደርስም፤ ሁለቱ ውሃ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ያጋባቸው የሰው እጅ ነው።

"ዲቃላው በፍጥነት ያድጋል፣ ማንኛውንም ቆሻሻ ይበላል" አለችኝ። "ለማግኘት የእንስቷን ሆድ ተጭኖ እንቁላሏን በሳፋ መቀበል ነው። ወንዱ ግን ሲጫኑት አይሰጥም። ይገደልና ሆዱ ተቀዶ የዘር ከረጢቱ ይወጣል፤ ተቆራርጦ እንቁላሉ ላይ ይጨመቃል።"

"በቃሽ፣ በቃሽ።"

"አንዲት የወንዝ እንስት ብቻ በሕይወት ብታገኚ ለዓመታት ትበቃሻለች። ጋሽ መቅዘፊያ ሥጋ አልሸጠም። እናቲቱን ለአማቹ ሰጥቶት ነው። ይህንኑ ለተቆጣጣሪው ነግሮት መሆን አለበት።" ድምጿ ተሰበረ። "ያለ ጥፋቱ ነው መረቡን ያስቃጠልኩበት።"

"የመጨረሻ ጥያቄ። እንቁላሉ ይጣበቃል ብለሽኛል። ሳፋው ውስጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ አይበላሽባቸውም?"

"ይታጠባላ። አንዳንዱ በሸክላ አፈር ያጥበዋል።" አለችና ጨመረች። "አንዳንዱ በወተት።"

አቶ ንጹሕ ኩሬዎቹ በር ላይ በነጭ ጋውኑ ተቀበለን፤ እጃችሁን ታጠቡ ብሎ ሳሙና አቀረበልን። የፊተኞቹ ኩሬዎች ውሃ እንደ መስተዋት ነው፤ እንግዳ የሚጎበኘው እነሱን ነው። እኔ ግን አፍንጫዬን ተከትዬ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ዞርኩ።

እዚያ ያለው ውሃ አይደለም፤ ቡናማ ሾርባ ነው። ላዩ ላይ ስብ ይንሳፈፋል፣ የዶሮ ላባ ይንሳፈፋል። አንድ ሠራተኛ ከጋሪ ላይ የሆነ ነገር በአካፋ እያፈሰ ይወረውራል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጉበት ነው። መግል የቋጠረ፣ ውሃ የያዘ፣ የተነፋ ጉበትና ሳንባ። ሰማያዊ ቀለም ተደፍቶበታል። ውሃው ሲነካው ሥሩ ተናወጠ፤ ጢማቸው የረዘመ፣ አፋቸው የሰፋ አምባዛዎች እየተጋፉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ይቦጫጭቁታል። እነዚህን ነው ሆስፒታል ውስጥ ለታመመ ሰው፣ ትምህርት ቤት ለሕፃን የሚሰጡት። የኮማንደሩ አገጭ ትዝ አለኝ፤ አጥሩን ይዤ ያለኝን ሁሉ አስመለስኩ። አላፈርኩም።

አፌን ጠርጌ ስመለስ አቶ ንጹሕ ሳሙናውን እንደያዘ ቆሟል።

"የእንቁላሎቹን አባት አግኝተነዋል" አልኩት። "ሟቹ ካፖርት ላይ የነበሩት የዚህ ቤት ናቸው።"

ብዙ አላስለፋንም። እንዲህ ያለው ሰው ከነጭ ጋውኑ ሥር አጥንት የለውም።

"አማቴ ነው የላከው" አለ። "ሰተት ብሎ ገባ። ጉበቱን በእጁ አንሥቶ 'ይህን ያስቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ነገ ትዘጋለህ' አለኝ። ዓሣ የምንመታበት ዱላ አጠገቤ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። የእንቁላሉ ሳፋ ላይ ወደቀና ላዩ ላይ ተደፋበት። ሞቷል ብዬ ወንዝ ወሰድኩት።"

"የአማትህ መረብ በሚገኝበት ወንዝ።"

"መረቡ ተቃጥሎ ነበር እኮ! አዲስ መሥራቱን ማን ነገረኝ?"

"በየቀኑ ምሳ ስታመላልስለት ነበር።"

"ምን ላድርግ?" አለ። የጠየቀኝ ከልቡ ነው፤ ያ ነው ከሁሉ የቀፈፈኝ።

"ካፖርቱን ለምን በወተት አጠብከው?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "የምን ወተት?"

ሲዋሽ አይቼዋለሁ፤ አሁን አልዋሸም። አጥሩ ጋ የቆመው ሠራተኛ አካፋውን ይዞ ያዳምጠናል።

"እዚህ ቤት እንቁላል የሚያጥበው ማነው?" አልኩ።

ሠራተኛው አቀረቀረ። አቶ ንጹሕ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። "እኔ መኪናዋን ላስነሣ ወጥቼ ነበር" አለ። ከዚያ "እሷን ተዋት" አለኝ።

ጣቢያ ስመለስ የሽማግሌው ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ለአባቷ የተተኮሰ ሸሚዝ አምጥታለች። ቢሮዬ አስገባኋት፤ ረዳቴን ደግሞ ሽማግሌውን ፈትቶ እንዲያመጣው ላክሁት።

"አባትሽ ይለቀቃል" አልኳት። "ባልሽ ተይዟል።"

አላለቀሰችም። ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘረጋችና እጥፋቱን ታስተካክል ጀመር።

"ሞቷል አለኝ" አለች። "ልብሱ እንቁላል ብቻ ሆኖ ነበር። ያየ ሁሉ ከኛ ቤት መውጣቱን ያውቃል ብዬ ፈራሁ። ወተቱ አጠገቤ ነበር። እጄ የለመደውን ሠራ።"

"ፊቱንም አጠብሽው?"

"ፊቱንም።"

"ይተነፍስ ነበር። ወተቱ ሳንባው ገብቷል።"

የሸሚዙን እጥፋት ደግማ ዳበሰች። "አፍንጫው ላይ አረፋ አየሁ" አለች በመጨረሻ። "ወተት ሲፈስ አረፋ አለው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።"

"ከዚያ ደግሞ እዚህ መጥተሽ አባቴን ልቀቁልኝ እያልሽ ታለቅሻለሽ።"

"እንባዬ ውሸት አልነበረም።"

አስጠላችኝ። ከባሏ ይልቅ እሷ አስጠላችኝ፤ ምክንያቱም አምኛት ነበር።

ቀና ስል ጋሽ መቅዘፊያ በሩ ላይ ቆሟል። የጫማው ማሰሪያ በእጁ ነው። ምን ያህሉን እንደሰማ ከፊቱ አወቅሁ፤ ያልሰማውንም ቀድሞ ያውቀዋል፣ ወንዝ ዳር ካፖርቱን ካሸተተበት ሰዓት ጀምሮ። እግሩን እየጎተተ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ጻፊ" አለኝ።

"ምኑን አባባ?"

"እኔ ነኝ የገደልኩት። መረቤን አቃጠለብኝ፣ መታሁት፣ ወንዝ ከተትኩት። ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ወተቱን ከየት እንዳመጣሁም እነግርሻለሁ።"

"ይተዉ።"

"ስትጠይቂኝ ከረምሽ አይደል?" አለኝ። "አሁን ስመልስልሽ አትጽፊም?"

እስክሪብቶዬን አላነሣሁትም። ረዳቴ ግድግዳውን ያያል። ሽማግሌው ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ጻፊ እንጂ፣ ጻፊ እንጂ ይለኛል።

"አባዬ፣ ተው" አለች ልጁ። "ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ነው። ቤት ማንም የለም። ትንሿ መንገድ ለብቻዋ አታቋርጥም።"

ጣቱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። እሷ ከአንገቷ ክር ላይ ቁልፍ አውጥታ ዘረጋችለት። ቁልፉን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ቁልፉን አየው። ከዚያ ተቀበላትና ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። እኔም እንዲቀመጥ አላልኩትም።

በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። "ራታቸውን ምን ልስጣቸው?" አላት።

"ያገኘኸውን ስጣቸው" አለችው። "የኩሬውን ዓሣ ብቻ እንዳትሰጣቸው። እሱን እኛ ቤት ማንም በልቶት አያውቅም።"